ሁለቱም ጓንቶች ታስረው ነበር

ቦክሰኛው ሀዲስ ዓባይ ማዶ ባለው ማሠልጠኛ አዳራሽ ውስጥ ሞቶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው የመልስ ግጥሚያው በሚካሄድበት ዕለት ጠዋት ነው። ማጅራቱን በክብደት ማንሻ ብረት ተመትቷል። ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ አጠገቡ ተንበርክካ ከቁስሉ ይልቅ እጆቹን ስትመረምር ቆየች። የሁለቱም ጓንቶች ክር ጠብቆ ታስሯል፤ ቋጠሮውም በፕላስተር ተሸፍኗል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሽማግሌውን አሠልጣኝ ገድሉን ነበር።

«ማታ ስለየው ጓንት ሳያጠልቅ ባዶ እጁን ነበር፤ ‹ብቻዬን ልሁን› አለኝ» አሉ። «ይልቅ ተጋጣሚውን አዘዘን ጠይቂው ልጄ። ባለፈው ግጥሚያ ከተዘረረ ወዲህ እንደዛተበት ነው። ትናንትም በር ላይ ሲጨቃጨቁ አገር አይቷቸዋል።»

አዘዘ ቀኝ እጁን ከጃኬቱ ኪስ ሳያወጣ ፊቷ ቆመ።

«አዎ፣ ዝቻለሁ» አለ። «እኔ ሀዲስን ብመታው ግን ሕዝብ እያየ፣ ፊት ለፊት ነው። ከኋላ የሚመታ ሌላ ይፈልጉ!»

«በር ላይ ምን ተባባላችሁ?»

«‹ነገ ትሰማለህ› አለኝ። ‹ነገስ ቡጢዬን የምትሰማው አንተ ነህ› አልሁት። በቃ።»

የሀዲስ ሚስት ኪዲ መርዶውን የሰማችው ከፋብሪካ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ስትመለስ ነው።

«አዘዘን ካሸነፈ ወዲህ ያስቀመጠው፣ ከጓንቱ ሥር የሚጠቀለል የእጅ ፋሻ ነበረ» አለች። «ሰሞኑን ላጥበው ብዘፈዝፈው ውሃው ነጭ ሆነ። ጀሶ ነው፤ ሲደርቅ ቡጢን ድንጋይ ያደርጋል። ሀዲስ ያን አይቶ ምግብ አልበላ አለ። ‹ለሕዝቡ ሳልናገር አልገጥምም› ይል ነበር።»

«ፋሻውን የጠቀለለለት ማን ነው?»

«ጋሽ ገድሉ ናቸው እንጂ ሌላ ማን ይነካዋል!»

ረፋድ ላይ ፀሐይወርቅ ሦስቱንም በአዳራሹ ሰበሰበቻቸው።

«ሰው አንዱን ጓንት በጥርሱም ታግሎ ያስር ይሆናል» አለች። «ሁለቱንም አጥብቆ በፕላስተር መሸፈን ግን አይችልም። እጁን አምኖ የሰጠው ሰው አብሮት ነበር። ኪዲ ፋብሪካ እንዳደረች ባልደረቦቿ አረጋግጠውልኛል። አዘዘ፣ እጅህን አውጣ።»

አመነታና አወጣው። እጁ አብጦ ወጌሻ በመቃ አስሮታል።

«መቼ ነው?»

«ባለፈው እሑድ፣ ልምምድ ላይ ተሰበርሁ።»

«ለምን ደበቅህ?»

«ፈራ ከምባል በግራዬ ብቻ ብገጥም ይሻለኛል። አሁንም አልጸጸትም።»

«በዚህ እጅ ክር አይቋጠርም።» ወደ ገድሉ ዞረች። «ባዶ እጁን ነበር ያሉት ውሸት ነው። ጓንቱን ያሰሩለት እርስዎ ነዎት። ከታሰረ በኋላ የጀሶውን ነገር በአደባባይ ሊያወጣ መሆኑን ነገረዎት። ጀርባውን ሲያዞር ብረቱን አነሡ። በታሰረ እጁ ምን ሊከላከል?»

«ከመንገድ አንሥቼ ሰው ያደረግሁት እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ ገድሉ። «ስሜን ሊያጠፋው!»

«ሰውስ እሱ ነበር» አለች ኪዲ።

ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር በተተከለው መድረክ ዙሪያ ሕዝቡ ያፏጫል። አዘዘ በደህና እጁ ገመዱን ከፍ አድርጎ ኪዲን አሳለፋት።

«ጨዋታው ቀረ እንዴ?» ብሎ ጮኸ አንዱ።

ኪዲ ድምፅ ማጉያውን ያዘች።

«ቀርቷል» አለች። «ለምን እንደቀረ ሳትሰሙ ግን ማንም ከዚህ አይሄድም!»