ዓመቱ ስንት ነው?

«ሚስተር ፍቅረማርያም፣ ዓመቱ ስንት ነው?» አለች ነርሷ ሜሪ በእንግሊዝኛ።

«ሰባ ሰባት» አለ የቢታንያ አባት በአማርኛ።

ቢታንያ ክው አለች።

ካንሰሩን እንዲዋጉ የተዘጋጁት የራሱ ሴሎች ወደ ደሙ ከተመለሱ ወዲህ፣ ነርሶቹ እየመላለሱ ይህንኑ ይጠይቁታል። ሴሎቹ ሲያይሉ አንጎልንም ይነካሉ ተብሏል። ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል፤ ከዘገየ ግን ይገድላል። ትኩሳቱ ጽኑ ሕክምና ክፍል ቢያስገባውም እስከ ትናንት አእምሮው ደህና ነበር። መጀመሪያ ሲጠየቅማ «ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት» ብሎ ሁሉንም አስደንግጧል። አርባ ዓመት አሜሪካ ቢኖርም በሐበሻ አቆጣጠር ጉዳይ ንቅንቅ አይልም። ነገሩ ሲገባቸው ነርሶቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ምን አለ?» አለች ሜሪ። «አስተርጓሚ ልጥራ?»

«አያስፈልግም። የኛን ካላንደር ነው የነገረሽ።»

ውሸቱ እንዲህ በቀላሉ ከአፏ መውጣቱ ቢታንያን ራሷን ገረማት። ሜሪ ፈገግ ብላ መልሱን መዘገበችና ወጣች።

ከቤታቸው ከሰመርሊን ወደ ሆስፒታሉ ሲመጡ መኪና ውስጥ አባቷ ለምኗት ነበር። «ቢቲዬ፣ ከዘባረቅኩ እንዳትነግሪያቸው። ስቴሮይድ ሰጥተው ሴሎቹን ያደክሙብኛል። ከዚህ ሌላ የቀረኝ ሕክምና የለም።» እሷም «ኦኬ አባዬ፣ ፕሮሚስ» አለችው።

አሁን አባቷ እግሩን ሰብስቦ በአልጋው ግርጌ ቦታ ለቀቀ።

«ሲራክ፣ ቁጭ በል እንጂ። ምን ያስቆምሃል?»

ሲራክ ታናሽ ወንድሙ ነበር። በሰባ ሰባት አብረው ወደ ሱዳን ሲሰደዱ መንገድ ላይ ሞቶ እዚያው ቀርቷል። ቤት ውስጥ ስሙ አይነሳም። ቢታንያ ማንም እንደሌለ እያወቀች ወንበሯን ከግርጌው አራቀች። የቀትሩ ፀሐይ ክፍሉን ሞልቶታል፤ እሷን ግን በረዳት።

«አባዬ፣ ሰው የለም እኮ። እኔ ነኝ፣ ቢቲ። ፕሊስ!»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል» አላት በሹክሹክታ። «መንገደኞቹ ማተኮሱን ካወቁ ጥለውት ይሄዳሉ። ደህና ነው፣ ደክሞት ነው ብያቸዋለሁ።» ከዚያ ወደ ግርጌው እያየ አለቀሰ። «ብናገር ኖሮ ውሃ የሚሰጥህ አይጠፋም ነበር። ዝም አልኩ፣ ሲራክዬ። ዝም አልኩብህ።»

አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ብድግ አለች።

እጇን ያዛት። እጁ እንደ ምጣድ ይፋጃል።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ነርሷን ልጠራ። ዋሽቼያታለሁ።»

ዓይኑ በድንገት ጠራ፤ ፊቷን ትክ ብሎ አየ። «ፕሮሚስ ብለሽኛል፣ ቢቲ» አላት፣ በደህናው ጊዜ ድምፁ።

እያወቀ ይሁን እየቃዠ መለየት አልቻለችም። ተንበርክካ እንዲፈቅድላት ብትለምነው በወደደች። ግን ጣቶቹን አንድ በአንድ ከእጇ አላቀቀች፤ በሩን ከፍታም በኮሪደሩ «ሜሪ!» ብላ ተጣራች።