የዓርብ ክኒን

ዊንታ የተገኘችው በፍልሰታ ጾም ዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ ረፋዱ ላይ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤቷ ውስጥ ነው። ወገቧ በውሃ በርሜሉ ጠርዝ ላይ ታጥፎ፣ ራሷ ከነትከሻዋ ውሃው ውስጥ ነበር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜሉ ጎድሎ ነበር፤ ለመቅዳት ጎንበስ ብላ መግባት ግድ ይላል። ስትወጣ ከተንጠባጠበው በቀር ወለሉ ደረቅ ነው። በገላዋ ላይ የጭረት ምልክት የለም። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

አያቷ እማማ ዘርፌ ከጎሮ በታክሲ ሲደርሱ ፖሊሶቹ ባሏን አብኔዘርን ይዘውታል። እናቷ የሁለት ዓመት ልጅ ጥላባቸው ከሞተች ወዲህ ዊንታን ከጀርባቸው ሳያወርዱ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሲያስላት አብረው ያስሉ ነበር። አብኔዘርን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም፤ ገርጂ ስልክ ይጠግናል፣ ቀኑን ሙሉ ይቀልዳል። «ሰው ማሳቅ እንጂ ቤት ማቆም አያውቅም» ብለው ነበር። አሁን ለፖሊስ ቃላቸውን ሲሰጡ ሳያወላውሉ እሱ ነው የገደላት አሉ።

እሱም አልካደም። ስልኳ አልነሣ ሲል ወደ ቤት ሮጦ፣ አራት ተኩል ላይ ከበርሜሉ ያወጣት እሱ ነው። ኪሱ ሲፈተሽ የዊንታ የክኒን መያዣ ተገኘ። ሲጠይቁት «እኔ ነኝ» አለ፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልወጣውም።

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ሸሪፋ ቀጠን ያለች፣ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። ክኒኖቹን አስመረመረች፤ መርዝ የለባቸውም። የግቢው ጥበቃ አያሌው፣ «አብኔዘር ጠዋት ከወጣ በኋላ ከአራት ተኩል በፊት አልተመለሰም» ብሎ ማለ። ማንቀላፋቱን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ግን ማንም አላመነውም።

ቅዳሜ ሸሪፋ የዊንታን የግድግዳ ጎረቤት ፈቲያን ጠየቀቻት። የቤቱ ትርፍ ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ከዊንታ ጋርም እምብዛም አይዋደዱም ነበር። ፈቲያ አልደበቀችም። ዊንታ ኩሩ ነበረች አለች፤ ሴቶቹ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ጨዋታ ሲደራ ብድግ ብላ ትገባለች፣ ወይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ደረጃው ላይ ቁጭ ትላለች። «ልዕልቷ» ነበር የሚሏት። በዚህ ጾም ውስጥማ ደረጃ ላይ ቁጭ ማለቱ በዝቶባት ነበር።

«ዓርብ ዕለት ወንድ አየሽ ወይስ ሰማሽ?»

«ሰማሁ። የአብኔዘር ድምፅ ነው። ቀጥሎ እሷ ሳቀች። በሁለት ዓመት ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ‹ይቺም ጥርስ አላት ለካ› ብዬ ብቻዬን ስቄያለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዝም። ጩኸት የለ፣ ምን የለ።»

እሁድ ሸሪፋ ጎሮ ሄዳ እማማ ዘርፌ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ በሽታ ነበረባት ወይ ብላ ጠየቀች። እማማ ዘርፌ ጥቂት አቅማሙ። እንቅልፍ ታበዛ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ተኝታ ሰነፍ እየተባለች ተገርፋለች። ጠበል አስጠመቋት። ሐኪምም ክኒን አዘዘላት። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ደህና ናት፤ ጠበሉ አሽሯታል። በአሥራ አምስት ዓመቷ ስትስቅ ጉልበቷ እየከዳት ትወድቅ እንደነበር፣ ትዳር እንዳታጣ ፈርተው «ሰው ፊት አትሳቂ» እያሉ እንዳሳደጓት ግን አልተናገሩም።

«ጾሙንስ ትጾም ነበር?»

«በሥርዓቱ!» አሉ፣ በዚያ ሐዘን መሀል ቀና ብለው። «እህል ውሃ፣ ክኒንም ቢሆን፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት በአፌ አይዞርም ብላ ምላልኛለች። ቃሏን የምትጠብቅ ልጅ ናት።»

የሸሪፋ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ከዚያ አመስግናቸው ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም የዊንታ ቤት ሰበሰበቻቸው። አብኔዘር በሁለት ፖሊሶች መሀል ገባ። እማማ ዘርፌ ፊታቸውን አዞሩበት። ፈቲያ በሩ አጠገብ ቆመች።

ሸሪፋ የዊንታን ስልክ አውጥታ አንድ የድምፅ መልእክት ከፈተች። አብኔዘር ነው፤ ሳቁን እየዋጠ ያወራል። አንድ ሽማግሌ ስልኬ ከብዶኛል፣ ውስጡ ያሉትን ሰዎች ቀንስልኝ ብለውት፣ «ባለቤቴን ግን እንዳትነካ፤ ስልኩ ቢቀልልኝም ቤት ስገባ እሷ ትከብደኛለች» ብለውታል።

«የሰማሁት ይሄን ነው» አለች ፈቲያ ቀስ ብላ።

«መልእክቱ የተከፈተው አራት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ላይ ነው» አለች ሸሪፋ። «አብኔዘር ያን ጊዜ ሱቁ ነበር፤ ሽማግሌው ራሳቸው መስክረዋል። ያን ዓርብ አያሌውም አላንቀላፋም።»

«ታዲያ ማን ገፋት?» አሉ እማማ ዘርፌ።

«የገፋት የለም እማማ። የተገፋ ሰው ይንፈራገጣል፣ ውሃ ይረጫል፤ ወለሉ ደረቅ ነበር። ሐኪሟን አነጋግሬያለሁ። በሰው አንጎል ውስጥ ኦሬክሲን የሚሉት ነገር አለ። እንደ በር ጠባቂ ነው፤ እንቅልፍና ንቃት በየሰዓታቸው እንዲገቡ ያደርጋል። ዊንታ ውስጥ ያን የሚያመነጩት ሕዋሳት አልቀዋል። እኛ ሕልም ስናይ ተነሥተን እንዳንሮጥ ሰውነታችን ይዝላል። እሷ ላይ ግን ያ መዛል ቆማ ሳለች በቀን ይመጣባት ነበር። ራስን መሳት አይደለም፤ ጡንቻ ብቻ ነው የሚከዳው። የሚጠራውም ሳቅ ነው።»

ፈቲያ አፏን በሻሿ ያዘች። «ለዚህ ነው ጥላን የምትሄደው?»

«ለዚህ ነው። ክኒኑ ነበር አቁሞ የሚይዛት፤ የሚዋጠውም ጠዋት እንደነቃች ነው።» መያዣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ለሰባቱ ቀን ሰባት ክፍል አላት። «ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ባዶ ነው። የዓርቡ ግን አልተነካም። ረስታው ነው እንዳልል አልረሳችም። የኔም እናት በረመዳን የግፊት መድኃኒቷን ወደ ማፍጠሪያ ትገፋዋለች፤ ሐኪም ጠይቂ ብላት አትሰማኝም። እና...»

እማማ ዘርፌ ጨረሱላት።

«ከዘጠኝ በኋላ» አሉ።

ጠበሉ አሽሯታል ያሉት ሦስት ዓመት ክኒኑን የጀመረችበት ሦስት ዓመት መሆኑን በልባቸው ወደ ኋላ እየቆጠሩ ነበር።

ሸሪፋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። አብኔዘር ዊንታን እንዳወጣት መያዣውን አይቶ ሁሉ ነገር ገባው። «እኔ ነኝ» ያለው ስለ ቀልዱ ነው። መያዣውን የደበቀው ግን ለራሱ ብሎ አልነበረም።

እማማ ዘርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። ጢሙ አድጓል፤ ሸሚዙ ያው የዓርቡ ነው።

«ሰቅለው ይግደሉት እያልኩ ለምን ዝም አልክ?»

«ያሳቅኋት እኔ ነኝ» አለ። «ይሄ ለአንድ ሰው ይበቃል እማማ። ለሁለት ማድረጉ ምን ይጠቅማል?»

«ጻፊኝ ልጄ» አሉ ወደ ሸሪፋ ዞረው። «እኔ ነኝ።»

«እሱም እንደዚሁ ብሎኛል። እሱንም አልጻፍኩም።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። ከዚያ፣ ሁሉም የፈራውን ጥያቄ ጠየቁ።

«ራሷን ካልሳተች... ውሃው ውስጥ ሆና ታውቅ ነበር?»

ሸሪፋ ዓይኗን ወደ ወረቀቷ ጣለች። ቀድሞ የመለሰው አብኔዘር ነው።

«አታውቅም። ተኝታ ነበር እማማ።»

እማማ ዘርፌ ኢንስፔክተሯን አዩ። ሦስት ቀን ሙሉ የሰውን ቃል አንድ በአንድ ስትመረምር የቆየችው ሴት ይህችን ቃል አልነካችም። ያን ጊዜ እውነቱን አወቁት።

እንደምንም ተነሥተው ሄዱና ከአብኔዘር ጎን ተቀመጡ። እጁን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«እሺ ልጄ» አሉ። «ተኝታ ነበር።»