ማንያውቃል ተራራ

ሩሀማ የኬክ ካርቶን ደረቷ ላይ አስደግፋ በስደት በምትኖርበት ከተማ ብሉር ጎዳና ላይ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከሰብዌዩ፣ ወጣች። ውስጡ ኬክ የለም። መስታወት ነው፤ በቴዎድሮስ ዘመን አንድ እንግሊዛዊ የጦር ፎቶ አንሺ የእናቷን አገር ተራራ ያነሳበት ኔጋቲቭ።

ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ከኋላዋ አለ። ስትቆም ይቆማል።

በረዶ ከመጣሉ በፊት ጀምሮ፣ «ሲፈን» በሚል የውሸት ስም ተቀጥራ፣ አሮጌ ፎቶ የሚሰበስብ ሀብታም ቤት ስታጸዳ የከረመችው ይህን መስታወት ለመስረቅ ነው። ያኔ ፎቶ አንሺው የተራራውን ስም ቢጠይቅ አንድ ገበሬ፣ ለባዕድ አፍ መክፈት ጦስ ነው ብሎ፣ «ማን ያውቃል» አለው። እሱም «ማንያውቃል ተራራ» ብሎ ጠርዙ ላይ ጫረ። ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ ያሉትን ጎጆዎች መስታወቱ ላይ በጥቁር ቀለም ሸፈናቸው። ቀለሙ ወረቀት ላይ ሲታተም ነጭ ጉም ይመስላል። ባዶ ተራራ ለወራሪ ዓይን ያምራል፤ ባለቤት የለውማ።

ዛሬ አንድ የማዕድን ኩባንያ ያንን ጉም ማስረጃ አድርጎ ፍርድ ቤት ቆሟል። ሰው ኖሮበት አያውቅም ይላል። ቀለሙ ከተጠረገ መንደሩ ይታያል። ካልተጠረገ መንደሩ ይፈርሳል፤ እናቷም ሜዳ ላይ ትቀራለች።

ለስርቆቱ የላኳት አለቃዋ ጋሽ ሰብስቤ፣ በምስጢር ስማቸው «ዲያቆን»፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ይጠብቋት ነበር።

«የተከተለሽ አለ?»

«ግራጫ ጃኬት።»

«የኛ ሰው ነው። አምጪ።»

ሰጠቻቸው። የኛ ሰው ከሆነ ለምን ተደብቆ ተከተለኝ ብላ ያሰበችው ከሰጠች በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ግራጫ ጃኬት የለበሰው ሰው ተከትሏት ገብቶ የጓሮውን በር ዘጋ።

«ጋሼ፣ ለመንደሩ ጠበቃ ነው የሚሰጠው ብለውኝ ነበር።»

«ብዬሻለሁ።» መስታወቱን አወጡት። «የምንሠራለት ክላየንት ግን ኩባንያው ነው፣ ልጄ። ከመጀመሪያውም።»

መስታወቱን ልትነጥቃቸው ተወረወረች። ግራጫው ጃኬት ክንዷን ጠምዝዞ ያዛት።

እሳቸው መስታወቱን ለቀቁት፤ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ።

ጋሽ ሰብስቤ ስብርባሪውን በጫማቸው ፈጩት። ሥራሽን ጨርሰሻል፣ ሂጂ አሏት፤ ፊቷን ግን አላዩም። ለፖሊስ ብትናገር ሌባዋ ራሷ ናት። ለእናቷ ብትደውል ምን ልትል ነው? እንዲህ አቅም አጥታ አታውቅም።

ወደ ቶርንክሊፍ ሰፈር በሚሄደው ባስ ውስጥ አንዲት አሮጊት አጠገቧ ተቀመጡ። ሐበሻ መሆኗን ሲያዩ ደስ አላቸው።

«የኔ ልጅ፣ የየት አገር ሰው ነሽ? የማን ልጅ?»

ሩሀማ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ማን ያውቃል፣ እማማ።»

በሚቀጥለው ፌርማታ ከሰው ጋር ተቀላቅላ ወረደች።