የሁለት ጣት ሻማ

ጋሽ ብራና በጀርባቸው ነው የወደቁት። ጭንቅላታቸው መሬት፣ አንድ እግራቸው ሦስተኛው የደረጃ መርገጫ ላይ፣ መነጽራቸው ደግሞ ምንም ሳይሆን ደረታቸው ላይ ቁጭ ብሏል። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያገኟቸው የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት የሚጠብቁት እትዬ ቁልፍ ናቸው። ወገባቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ እያንቃጨሉ ለእሑድ ቅዳሴ ሻማ ሊያወጡ ሲገቡ፣ መጀመሪያ የተጣለ ካፖርት መስሏቸው «ይሄን ደግሞ ማን አዝረከረከው?» ብለው ተቆጥተዋል። ካፖርቱ አልመለሰላቸውም።

በዚያ የካቶሊክ አጥቢያ፣ ቁምስና በሚሉት፣ ሰው በሞተ ቁጥር የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉት ጋሽ ብራና ነበሩ። ከደረጃው በላይ ባለችው የመዝገብ ክፍል ተቀምጠው በጽሕፈት መኪና ይመታሉ፤ እሑድ ቄሱ ያነባሉ፤ ሕዝቡ ያለቅሳል። ልጆች «ብራና» ያሏቸው ቆዳቸው ስለደረቀ ነው፤ ትልልቆቹ ግን የሁላችንም ነገር እሳቸው ላይ ስለሚጻፍ ነው ይላሉ።

መርማሪዋ ከጣቢያ በእግሯ መጣች። ቁመቷ ከበር እጀታ ብዙም አይርቅም፤ ምላሷ ግን ጣሪያ ይነካል። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። የሌላው ዓይን ላይ የሚያልፍ ነገር እሷ ጋ ሲደርስ ስለሚቀር ነው።

ሐኪሙ ከሬሳው አጠገብ ተነሣና ጉልበቱን አራገፈ።

«የኋላ ጭንቅላታቸውን ነው የተመቱት። ወዲያው አልሞቱም። ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ተንፍሰዋል።»

«ሰው ቢደርስላቸውስ?»

«ቢደርስላቸው ኖሮ አሁን እኔ የምሞላው ሌላ ቅጽ ነበር።»

ወንፊት ተንበርክካ የሽማግሌውን ግራ እጅ አየች። ጡጫ ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትፈታ የጥፍር ያህል የወረቀት ጫፍ ወደቀ። ምንም አልተጻፈበትም። አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ በፖስታ ከታ ወደ ላይ ወጣች።

የመዝገብ ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ የጠፋ ሻማ፣ ከመኪናው አጠገብ ሁለት የተተየቡ ወረቀቶች። የሁለቱም ወረቀቶች ማዕዘን ሙሉ ነው፤ የተቀደደ የለም። መደርደሪያው ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ መጽሐፍ የሚያህል ባዶ ቦታ አለ።

ቄሱ በሩ ላይ ቆመው መቁጠሪያቸውን ያሻሉ።

«አባ፣ እዚህ ምን ነበር?»

«የጥምቀት መዝገቡ። ጀርባው ስለተገነጠለ ማክሰኞ ለመጽሐፍ ጠራዥ ሰጠነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚመለሰው።»

«ወረቀቶቹስ የማን ናቸው?»

«ረቡዕ ያረፈችው አዋላጅና ሐሙስ ያረፈው ግንበኛ። ነገ የሚነበቡ ናቸው። ጋሽ ብራና የሰውን ታሪክ ከተወለደበት ቀን አይጀምሩም፤ ከተጠመቀበት ነው። ቀኑንም ከመዝገብ ነው እንጂ ከሰው አይቀበሉም። ቤተሰብ ቢምል ቢገዘት አይሰሙም። "አፍ ይረሳል፣ መዝገብ አይረሳም" ይላሉ።»

ወንፊት ሁለቱንም ወረቀቶች ቀስ ብላ አነበበች። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሻማውን አንሥታ ጣቷን ለካችበት።

«ሻማውስ? በጠራራ ፀሐይ?»

«እሱን እኔን ጠይቂኝ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ቁልፍ ከኋላ። «ለእያንዳንዱ ሟች አንድ አዲስ ሻማ ከእኔ ይወስዳሉ። መጻፍ ሲጀምሩ ያበራሉ፣ ሲጨርሱ ያጠፋሉ። ትርፉን ስም ጽፈው መሳቢያ ይከቱታል። ለቅዳሴ ስጡኝ ብላቸው "የሰው ነው" ይሉኛል። አሁን ይሄ ቁም ነገር ነው? በጓሮ ማን እንደነበረች ጠይቂ እንጂ።»

«ማን ነበረች?»

«የመሠዊያ ጨርቅ አጣቢዋ ናታ። ከልምምዱ በፊት ከእሷ በቀር በግቢው ዝንብ አልነበረም።»

ወንፊት መሳቢያውን ሳበች። ሃምሳ የሚሆኑ ሻማዎች፣ እያንዳንዳቸው አንገታቸው ላይ ወረቀት ታስሮ ተደርድረዋል። የሁሉም ቁመት አንድ ነው፤ ከአዲስ ሻማ የጎደላቸው አንድ ጣት ብቻ። ከላይ የአዋላጇ አለ፤ እሱም አንድ ጣት። ጠረጴዛው ላይ ያለው የግንበኛው ሻማ ግን ሁለት ጣት ጎድሎታል።

አጣቢዋ ጓሮ ቧንቧው ስር የተገለበጠ ገንዳ ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። እጇ ሳሙና የበላው፣ ዓይኗ ልቅሶ የበላው።

«ምን ሰማሽ?»

«የጽሕፈት መኪናውን። ጋሽ ብራና በሁለት ጣት ነው የሚመቱት። አንድ ፊደል ፈልገው እስኪያገኙ ሰው ተድሮ ይወልዳል።» ወዲያው አፏን ያዘች። «ይቅር ይበለኝ።»

«ቀጥዪ።»

«ቆመ። ሰው ሲናገር የሰማሁ መሰለኝ፤ ግን ቧንቧው ይጮኻል፣ ማን እንደሆነ አልለየሁም። ከዚያ ዱብ የሚል ነገር። እጄን ሳልጠርግ ሮጥኩ።»

«ገባሽ?»

አጣቢዋ መሬቱን አየች።

«በሩ ጋ ስደርስ መኪናው መምታት ጀመረ። ደህና ናቸው፣ መጽሐፍ ነው የወደቀው ብዬ ተመለስኩ። ባይጀምር ኖሮ እገባ ነበር። አንድ በር ነው የቀረኝ፣ እመቤቴ።»

«አመታቱ እንደ በፊቱ ነበር?»

ጣቷን ገንዳው ላይ መታ መታ አደረገች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«አይደለም። ቶሎ ቶሎ ነበር። የመዝሙር ልምምድ ሊጀመር ሲል ነው ያቆመው።»

«እሳቸው ሲሞቱ እንዲህ የምትሆኚው ለምንድን ነው? ዘመድሽ ናቸው?»

«ዘመድ ሊሰጡኝ ነበር።» በእርጥብ ቀሚሷ አፍንጫዋን ጠረገች። «የግንበኛው ልጅ ነኝ። ሳያገባ በፊት የወለደኝ። እናቴን ከዚህ አባረሯት፤ ለእሱ ደግሞ ልጅቷ ሞተች አሉት። እናቴ ልትሞት ስትል ነው የነገረችኝ። መጣሁ፣ ጨርቅ አጣቢ ሆንኩ፣ ዓመት ሙሉ አጠገቡ እያለፍኩ አልተናገርኩም። የዛሬ ወር በታመመበት ነገርኩት። እጄን ይዞ አለቀሰ።»

«ሞተች ያለው ማን ነው?»

«ስጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለጋሽ ብራና ግን ሁሉን ነግሯቸዋል። ዛሬ ጠዋት "ነገ ንጹሕ ልብስ ልበሺና የፊት ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ከልጆቹ ጋር ትጠሪያለሽ" አሉኝ።» ቀና አለች። «ወረቀቱ ምን ይላል?»

ወንፊት መዋሸት ትችል ነበር።

«"የሁለት ልጆች አባት ነበሩ" ይላል።»

አጣቢዋ አላለቀሰችም። ገንዳው ላይ እንደተቀመጠች ትንሽ አነሰች።

«እሳቸውም ተዉኝ ማለት ነው።»

እትዬ ቁልፍ ይህን ከመስኮት ሰምተው ኖሮ፣ እስኪመሽ ግቢው ሁሉ አወቀ፤ ልጅቷ ስሟን ከወረቀቱ ብታጣ ተናድዳ ሽማግሌውን ገፈተረቻቸው ተባለ። ቀላል ነው፣ ያስኬዳል። ወንፊት ደግሞ የሚያስኬድ ነገር ሲሰጧት አልሄድም ብላ ጫማዋን የምታወልቅ ሴት ናት።

የግንበኛውን ሚስት ሐዘን ቤት አገኘቻት።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ የተጠመቁበትን ቀን ያውቁታል?»

«የራሴንም አላውቅ! የሠርጌን ቀን እንኳ እሱ ነበር የሚያስታውሰኝ።»

«የባለቤትዎ ወንድም ዛሬ ከዚህ ስንት ሰዓት ወጡ?»

«ዘጠኝ ተኩል። መዝሙር ልምምድ አለብኝ ብሎ።»

አማቿ የግንበኛው መንትያ ነው፤ የመዘምራን አለቃ። ወንፊት ዘማሪዎቹ ከተበተኑ በኋላ ብቻውን አገኘችው፤ የመዝሙር መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሽፋኑን በመዳፉ ይዳብሳል። የሟቹን ፎቶ ያየ ሰው እሱን ሲያይ ይደነግጣል። ያው ግንባር፣ ያው ጢም።

«ከቤት ቀጥታ ወደ ልምምድ ነው የመጣሁት» አለ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀመርን።»

«ከወንድምዎ ጋር ትዋደዱ ነበር?»

«በአንድ ቀን ተወለድን፣ በአንድ ውሃ ተጠመቅን። ያን ቀን በየዓመቱ አብረን ሻማ እናበራ ነበር። ዘንድሮ ብቻዬን ነኝ።» ድምፁ ተሰበረ፤ ውሸት አልነበረውም። «በዚያች ልጅ ግን አትጨክኑባት። ድሃ ናት። ሳታስበው ይሆናል።»

«የመዝሙር ወረቀት የሚያዘጋጅላችሁ ማን ነው?»

«ራሴ ነኝ የምተይበው። ምነው?»

«ፊደሉ ያምራል» አለች ወንፊት፤ ወጣች።

እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ አምስቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ፦ ቄሱ፣ እትዬ ቁልፍ፣ የግንበኛው ሚስት፣ መንትያው፣ አጣቢዋ። አጣቢዋ ንጹሕ ልብስ ለብሳለች። ለምን እንደለበሰችው እሷም አታውቅም።

ወንፊት ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች።

«አባ፣ የአዋላጇን የመጀመሪያ መስመር ያንብቡልኝ።»

ቄሱ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «"በ..." ክፍት ነው። "...ቀን በዚህ ቁምስና ተጠመቁ።"»

«የግንበኛውንስ?»

ቄሱ አነሡና ቆሙ። ቀኑ፣ ወሩ፣ ዓመተ ምሕረቱ ሳይጎድል ተጽፏል።

«መዝገቡ ማክሰኞ ሄደ። አዋላጇ ረቡዕ ሞቱ፤ ጋሽ ብራና ቀኑን ከመዝገብ ማየት ስላልቻሉ ቦታውን ክፍት ተዉት። ግንበኛው ሐሙስ ሞቱ። መዝገቡ አሁንም የለም። ቀኑ ግን አለ። እንዴት?»

«ግንበኛው ራሱ ነግሯቸው ይሆናላ!» አሉ እትዬ ቁልፍ።

«ቀን ከአፍ አይቀበሉማ። ደግሞ እትዬ፣ የእርስዎ ሻማ ይመሰክራል። ለአንድ ሰው አንድ ጣት ይነዳል። የግንበኛው ሁለት ጣት ነዷል። በዚያ ሻማ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። መጀመሪያ ጋሽ ብራና ጻፉ። ያ ወረቀት የለም፤ ጫፉ ብቻ እጃቸው ላይ ቀርቷል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ተቀመጠና ይሄኛውን ጻፈ።»

«እሷ ናታ» አሉ እትዬ ቁልፍ፤ ድምፃቸው ግን ቀዝቅዟል።

«እሷ ብትጽፈው "የሁለት ልጆች አባት" ብላ ራሷን ታወጣለች? ይሄን የጻፈ ሰው እሷ እንዳትጠራ የፈለገ ነው። በፍጥነት መተየብ የሚችል ነው። ከቤት ዘጠኝ ተኩል ወጥቶ፣ የአምስት ደቂቃ መንገድ ሄዶ፣ አሥራ አንድ ሰዓት የደረሰ ነው። የጋሽ ብራናን አጻጻፍ አሳምሮ ያውቃል፤ ታሪኩን ከጥምቀት ነው የጀመረው። መዝገቡ ጠራዥ ጋ መሆኑን ብቻ አላወቀም። የተወለደበትን ቀን ሁሉም ሰው ያስታውሳል። የተጠመቀበትን ቀን ያለ መዝገብ የሚያውቅ ማን ነው?»

የግንበኛው ሚስት ዞረች። አማቿን አየችው።

መንትያው የመዝሙር መጽሐፉን ደረቱ ላይ ይዟል።

«አልገፋኋቸውም» አለ። «በወንድሜ አፈር። ጋሽ ብራናን ወረቀቱን ያምጡ አልኳቸው። "ወንድሙ ሞታለች ብሎ እንደነገረው" ብለው ጽፈው! ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ቤተሰባችን እንዳይዋረድ ብዬ... በማግስቱ በሕዝብ ፊት ሊነበብ? እኔ ሳብኩ፣ እሳቸው ሳቡ። ደረጃው አፍ ላይ ነበርን። ተቀደደ። በቃ፣ ተቀደደና ወደቁ።»

«አምናለሁ» አለች ወንፊት። «ከዚያስ?»

መጽሐፉን ወደ ደረቱ አጥብቆ ያዘ።

«እኔ ልንገርዎት። አንድ ጣት ሻማ አንድ ሰዓት ነው፤ የጋሽ ብራናን አጻጻፍ ሲያስመስሉ ያን ያህል ተቀምጠዋል። እሳቸው ከታች ግማሽ ሰዓት ተንፍሰዋል። ይቺ ልጅ ሮጣ ነበር፤ በሩ ጋ ስትደርስ የእርስዎን መኪና ሰምታ ተመለሰች። ጋሽ ብራናን መውደቁ አልገደላቸውም። የገደላቸው የእርስዎ ጽሑፍ ነው።»

አጣቢዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ዋናውን ወረቀት ቀደዱት?»

መንትያው የመዝሙር መጽሐፉን ከፈተ። ወረቀቱ መሐሉ ላይ ተጣጥፎ ነበር፤ አንድ ማዕዘኑ ጎድሏል።

«የወንድሜ ሕይወት ነው» አለ። «እንዴት አድርጌ ልቅደደው?»

ወንፊት ከፖስታው ጫፉን አውጥታ ገጠመችው። ልክ ገባ። አጣቢዋን ግን ያን ጊዜ ማንም አላያትም፤ ሁሉም የሚያየው ወረቀቱን ነበር።

ቅዳሴው ዘግይቶ ገባ። መዝሙር የሚመራ ስላልነበረ ሕዝቡ እንደየአቅሙ አንጎራጎረ። ቄሱ የአዋላጇን አነበቡ፤ ቀጥለው የግንበኛውን። «በ...» አሉና ክፍቱ ቦታ ላይ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆሙ። ከዚያ አላቆሙም፤ የተባረረችውን እናትና «ወንድሙ ሞታለች ብሎ እንደነገረው» የሚለውን ሳይቀር አነበቡ። ቤተ ክርስቲያኑ ሳል እንኳ አልነበረበትም። «የሦስት ልጆች አባት ነበሩ» አሉ፤ ስም ጠሩ፤ በመጀመሪያ የጠሩት የበኩሯን ነው። የፊት ወንበር ላይ የግንበኛው ሚስት ሳትዞር፣ ፊቷን መሠዊያው ላይ እንዳደረገች፣ ጥቂት ጠጋ አለችና ለአጣቢዋ ቦታ ለቀቀች። ያ ይቅርታ ይሁን ድካም ወንፊት ከኋላ ሆና መለየት አልቻለችም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ቁልፍ መዝገብ ክፍል ውስጥ ድምፅ ሰምተው ወጡ። አጣቢዋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። አዲስ ሻማ አብርታለች፤ ሳትጠይቅ ነው የወሰደችው፤ እትዬ ቁልፍም ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቆጡም። በአንድ ጣት ፊደል እየፈለገች ትመታለች።

«የማንን ነው የምትጽፊው?»

«የእሳቸውን። ለሁሉም ጽፈው ለእሳቸው ማን ይጽፋል?»

እትዬ ቁልፍ አጎንብሰው አዩ። ወረቀቱ ላይ ገና አንድ መስመር ነው ያለው። መዝገቡ እስኪመለስ የጥምቀታቸውን ቀን ክፍት ትታዋለች።

«በአንድ ጣት ጀንበር ትጠልቅብሻለች፣ ልጄ» አሉ።

«ትጥለቅ» አለች፤ ቀጣዩን ፊደል ፈለገች።