የሐረጎ ሦስተኛ ኩርባ

ደሴ ውስጥ ዳገት የሚባል ነገር ከቀረ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። የጦሳ ተራራ አልተናደም፤ ሐረጎም እንደ ድሮው ከኮምቦልቻ ወደ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። የጠፋው የእግር ስሞታ ነው። የሰባ ዓመት ባልቴት ሁለት ዘንቢል ድንች ባለሞተር ሳይክሏ ላይ ጭና፣ ከጎረቤቷ ጋር እያወራች ሽቅብ ስትወጣ ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

ለዚህ ምቾት ከሚለፉት አንዷ መዲና ናት። ሥራዋ ቃኚነት ነው፤ የሳይክሉ ሞተር መቼና ምን ያህል እንደሚያግዝ ትወስናለች። ሞተር ጉልበት ስላለው ብቻ አይወደድም። ጎማውን የሚጠመዝዝበት ኃይል፣ ባለሙያዎቹ ቶርክ የሚሉት፣ ድንገት ከመጣ ነጂውን ያስደነግጣል፤ ከዘገየ ደግሞ ፔዳሉ ጭቃ እንደመርገጥ ይሆናል። ቅኝቱ ሲያምር ግን ሰው የሞተሩን ጉልበት የራሱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ወጣሁት ብሎም ይኩራራል። መዲና በዚህ ኩራት ትስቅ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ሁለት ሞተሮች እያወዳደረች ነበር። የተሻለው ለከተማዋ አራት ሺህ መልእክተኞች ይገጠማል፤ መልሷም እስከ ስድስት ሰዓት ይጠበቃል። ነጩ ሞተር የነጂውን እግር ያጠናል፤ የዛሬው መንገድ ልክ እንደ ትናንቱ እንዲሰማው ራሱን በየቀኑ ያስተካክላል። ጥቁሩ እንዲህ ያለ ብልጠት የለውም። በረገጡት ልክ እጥፉን ይጨምራል፣ በቃ።

ፈታኙ ጋሽ ይመር ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት ነው፤ ሃያ ሰባቱን ዓመት መድኃኒት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ነጩን ስምንት ወር ነድተውታል፤ ዛሬ ጥቁሩ ተገጥሞላቸዋል። መሪያቸው ላይ አንዲት የናስ ቃጭል ታስራለች። የሐረጎ መልእክተኞች ወግ አላቸው፦ ዳገቱ ላይ እግሩን መሬት ያወረደ ሰው ቃጭሉን ፈትቶ፣ ቀድሞት ለሚያልፈው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በመልእክተኞቹ ማረፊያ ቤት ሻይ የሚቀዳው እሱ ነው። የጋሽ ይመር ቃጭል ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አልተፈታችም።

"ልጄ፣ ይሄን ሞተር ሬሳውን ነው እንዴ የሰጣችሁኝ?" አሉ በጆሮዋ ባለው መስመር። ሁለተኛውን ኩርባ አልፈው ነበር።

መዲና ደሴ ከሚገኘው ወርክሾፕ ሆና ቁጥሮቹን አየች። "ሞተሩ የሚገባውን እየሰጠ ነው፣ ጋሽ ይመር።"

"እየሰጠ? ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖብኛል እኮ።"

የፔዳሉ መለኪያ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ አሰበች። ሁለት ጊዜ ጠንከር አድርገው እንዲረግጡ ጠየቀቻቸው፤ መለኪያው አንዲትም አልሳተም። የባትሪውን ሙቀት አየች፣ የጎማውን አየር አየች። ሁሉም ደህና ነው። ግራ ሲገባት የነጩን ሞተር የቆየ መዝገብ ከፍታ፣ ይህንኑ ቦታ ፈለገች።

የዛሬ ስምንት ወር፣ እዚሁ ቦታ፣ ከሚያስፈልገው ጉልበት ግማሹን ያዋጡት ጋሽ ይመር ነበሩ፤ ግማሹን ሞተሩ። ከሦስት ወር በኋላ የሳቸው ድርሻ ከመቶ አርባ ሆነ። ባለፈው ሳምንት ሃያ። በየቀኑ ትንሽ፣ ማንም ልብ የማይላት ትንሽ። ከሥር ደግሞ ራሷ መዲና ያዘጋጀችው መጠይቅ አለ፦ "ዛሬ እንደ ትናንት ተሰማዎት?" ጋሽ ይመር ስምንት ወር ሙሉ "አዎ" ብለዋል። በዚህ መልስ መዲና ተመስግናበታለች፣ ደስም ብሏታል።

ጥቁሩ ሞተር አሁን አንድ ሦስተኛውን እየጠየቃቸው ነበር። ድሮ የሚስቁበት ሸክም ነው።

"ይሄ መሪ ደግሞ ይንቀጠቀጣል" አሉ ቃላቸው እየተቆራረጠ። "ግራ እጄን አደነዘዘው።"

መሪው አልተንቀጠቀጠም፤ የሚለካውም መሣሪያ ፊቷ ነበር። መዲና በሌላው መስመር ለአስቸኳይ ሕክምና ነርስ ደወለች፤ በዘጠኝ ደቂቃ እደርሳለሁ አለቻት።

"ጋሽ ይመር፣ ይቁሙ።"

"የት? ሐረጎ ላይ?" ሊስቁ ፈልገው ትንፋሽ አጠራቸው። "ሞተራችሁ ተበላሸ ብዬ ቃጭሌን ልፍታ?"

"እባክዎ፣ ስለ ልጆችዎ ብለው።"

"ሦስተኛው ኩርባ ላይ ነኝ። ዝም በይና ልውጣበት።"

ሞተሩን ብታጠፋው የበለጠ ይረግጣሉ። ጉልበቱን በአንድ ጊዜ ብትለቀው የፊት ጎማው ይነሳል፤ ኩርባው ደግሞ በስተግራ ገደል ነው። የቀራት አንድ መንገድ ነበር፣ እሱም ነጩ ሞተር ሲሠራው የኖረው። ጣቷን መቆጣጠሪያው ላይ አድርጋ ከእጥፉ ላይ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ጀመረች፣ እሳቸው እንዳያውቁባት።

"ቃጭሏን ማን ሰጠዎት?" አለች።

"አሁን ይሄ ይጠየቃል?"

"ይንገሩኝ።"

"እንድሪስ የሚባል… ግዙፍ ሰውዬ ነበር። እዚሁ ሐረጎ ላይ እግሩን አወረደ።" ሦስት እጥፍ። "ስደርስበት ቃጭሏን ፈትቶ ይዟታል። ሳልፈው አለቀሰ።" አራት እጥፍ። "እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።" ትንፋሻቸው ረዘም እያለ መጣ። ስድስት። ዘጠኝ።

"እህ፣ አሁን ተስተካከለልሽ!" አሉ ደስ ብሏቸው። "አየሽ፣ እግሬ ምንም አልሆነም። ምን አደረግሽው?"

ምንም አላደረግሁም ብትላቸው ቀስ ብለው እስከ ላይ ይወጣሉ፤ ነገም ይወጣሉ፤ ከነገ ወዲያም። እውነቱን ብትነግራቸው በንዴት ሊረግጡ ይችላሉ፤ ነርሷም ገና አምስት ደቂቃ ይቀራታል። መዲና ፈራች። በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

"ከመቶ ዘጠናውን እኔ ነኝ የማወጣዎት" አለች። "ነጩም ስምንት ወር ሙሉ ሲደብቅብዎ ነበር። ሞተሩ አልተበላሸም፣ ጋሽ ይመር። ልብዎ ነው መሰለኝ።"

የካቴናው ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ እሱም ቆመ። የፍጥነቱ ቁጥር ዜሮ ሆነ፣ የእግራቸውም ዜሮ ሆነ። መዲና ስማቸውን ጠራች፤ ደግማ ጠራች። 

በመጨረሻ ቃጭሏ ስትፈታ የምታሰማው ትንሽ ድምፅ መጣ።

"አወረድኩ" አሉ። "ማንም ግን አላየኝም።"

"እኔ አይቻለሁ።"

ሁለት የልብ ቧንቧዎቻቸው ተዘግተው ነበር። ነርሷ በሰዓቱ ደረሰች፤ ሐኪሞቹም ቧንቧዎቹን ከፈቱላቸው። ከሁለት ወር በኋላ ወርክሾፕ መጥተው ቃጭሏን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡላት። "ቀድመሽኝ ያለፍሽው አንቺ ነሽ" አሉ፤ ከዚያ ወደ ማረፊያ ቤት ሻይ ሊቀዱ ሄዱ። መልእክተኞቹ ከመንገድ የሚደወለውን የመስመሩን ስልክ የማንሳት ሥራም ጨመሩላቸው።

ለአራት ሺዎቹ የተመረጠው ነጩ ሆነ። መዲና ግን አንድ ነገር አስለወጠች፦ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ለመቶ ሜትር ያህል ሞተሩ ብልጠቱን ትቶ እንደ ጥቁሩ እጥፍ ብቻ ይሰጣል፤ ሰው የገዛ እግሩን እንዲሰማ። ምክንያቱንም ጽፋ ለእያንዳንዱ ላከች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሺህ ስሞታ መጣ። ሞተሩ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ይደክማል። ባትሪው አይረባም። ካቴናው ይጎትታል። ደክሞኛል ያለ አንድም ሰው አልነበረም። መዲና እያነበበች ሳቀች፣ ተናደደችም።

ቅዳሜ ጠዋት ነጩ ሞተር በተገጠመለት በራሷ ሳይክል ኮምቦልቻ ወርዳ ስትመለስ ሐረጎን ያዘች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ጤነኛ ናት፤ የኩርባውን ቅኝት የሠራችውም እሷ ናት። ቃጭሏ መሪዋ ላይ ታቃጭላለች። ሦስተኛው ኩርባ ጋ ስትደርስ ፔዳሉ ከበዳት። መክበዱን ታውቅ ነበር፣ ይህን ያህል ግን አልጠበቀችም። አቧራ ገብቶበት ይሆናል አለች በልቧ፤ ወይም መለኪያው ነው። መስመሩን ከፈተች።

"ሦስተኛው ኩርባ ላይ ነኝ" አለች እያለከለከች። "ሞተሩ የሆነ ነገር…"

ስልኩን ያነሱት ጋሽ ይመር ነበሩ። ከኋላቸው የሻይ ብርጭቆ ይንኳኳል።

"ሞተሩ ምን ሆነ፣ ልጄ?"

መዲና ጎንበስ ብላ እግሯን አየች።