ከታገደችው ሴት አድራሻ

ፈተናው ሳይሰጥ ጥያቄው ከተማውን ሞላው።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ከሥራ ታገደች፤ ኮምፒዩተሯም በፕላስተር ታሸገ። ጥያቄው የተላከው ከእሷ ማሽን የኔትወርክ አድራሻ ነው ተባለ። አለቀ። ለምን፣ እንዴት የሚል ጠፋ!

"ምኑ ይመረመራል?" አለ ርዕሰ መምህሩ። "ዛሬውኑ ትታሰርልኝ።"

መርማሪ ፖሊሷ ዐይኗ በለቅሶ ወዳበጠው ጸሐፊ ዞረች።

"የዚያን ቀን የት ነበርሽ?"

"እናቴን ሐኪም ቤት ወስጄ ነበር። ማሽኔን አጥፍቼ ነው የወጣሁት። ማን ይስማኝ?"

"ጥያቄው እግር አውጥቶ ሄደ በያ!" አለ ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሩን ተደግፎ። እየሳቀ ወደ ቢሮው ሄደ።

መርማሪዋ የትምህርት ቤቱ የኔትወርክ ባለሙያ ላይ አፈጠጠች።

"ይሄ አድራሻ ከማሽኑ ጋር የተጣበቀ ነው?"

"አይደለም። በእጅ የሚጻፍ ቁጥር ነው።"

"ሌላ ሰው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ቢጽፈውስ?"

"የእሷ ማሽን ከጠፋ ይሠራለታል። ሁለቱም ከተከፈቱ ይጋጫሉ።"

"ለምን የእሷን ይመርጣል?"

"በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ለሁሉም ይዘጋል። ክፍት የሚሆነው ለእሷ አድራሻ ብቻ ነው።"

"ይህን እያወቅህ አፍህን ዘግተህ ተቀመጥህ?"

"ማንም አልጠየቀኝም።"

መርማሪዋ ፕላስተሩን ገሽልጣ ኮምፒዩተሩን አበራችው። ወዲያው ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፦ ይህ አድራሻ በሌላ ማሽን ተይዟል።

"ሴትዮዋ ታግዳ አድራሻዋ ሥራ ላይ ነው!"

"የት እንዳለ ግን አይናገርም" አለ ባለሙያው።

"ኔትወርክ እንደ ፎቅ የተነባበረ አይደል? ከአድራሻው በታች ምን አለ?"

"ሽቦው።"

"እሱ አይዋሽም። ና!"

የሁሉም ቢሮ ሽቦ የሚገናኘው ኮሪደሩ ላይ ባለች አንዲት ሳጥን ነው። የጸሐፊዋን ማሽን መልሰው አጠፉት። ባለሙያው ከላፕቶፑ ያንን አድራሻ እየደጋገመ ይጠራል፤ የተደበቀው ማሽን አለሁ ይላል። መርማሪዋ ገመዶቹን በየተራ እየነቀለች ትመልሳለች።

የቤተ መጻሕፍቱን ነቀለች። "ይመልሳል" አለ ባለሙያው።

የሂሳብ ክፍሉን። "አሁንም አለ።"

ቀጣዩን።

"ዝም አለ!"

ከኮሪደሩ ጫፍ ጩኸት መጣ። "ማነው ኢንተርኔቱን ያጠፋው? ፔናሊቲ ሊመታ ሲል!"

ምክትሉ ነበር።

"ኢንተርኔት ለሁሉም ተዘግቶ የለ እንዴ?" አለች መርማሪዋ። "እርስዎ ከየት አመጡት?"

ምክትሉ ወደ ቢሮው በር አፈገፈገ። "ልጄ ዘንድሮም እንዳይወድቅብኝ ብዬ ነው የላክሁለት" አለ። "ለጓደኞቹ ይበትነዋል ብዬ አላሰብኩም። እሷም ሲጣራ ነጻ ትወጣለች ብዬ..."

"ሲጣራ? እሷ ስታለቅስ አንተ በአድራሻዋ ኳስ ታያለህ? ቅደም፣ ወደ ጣቢያ!"

ከጸሐፊዋ ጋር ተከትሏቸው የወጣው ርዕሰ መምህር ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ፣ እህቴ፣ ነገ ወደ ሥራሽ ተመለሺ።"

"ሌባ ያሉኝ በሰልፍ ላይ፣ በድምፅ ማጉያ ነው" አለች ጸሐፊዋ። "ንጹሕነቴንም በዚያው ይንገሩልኝ።"

"ይደረጋል፣ ቀስ ብለን..."

"ሌባ ሲሉኝ ቀስ አላሉም።"

መርማሪዋ ወደ ግቢው የሚያስወጣውን በር ከፈተችለት። "ተማሪዎቹ ግቢ ውስጥ ናቸው። ይቅደሙ።"