በጓሮ በር የገባው ምክትል

ውሸት ነው የሚል ካለ መንጋጋዬን ይዳስስ፤ ሦስት ቦታ ተሰብሮ የተጠገነ ነው።

ኦዴሳን ያወቅኳት ኬንታኪ ውስጥ፣ በአባቷ ሥጋ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ነው። እጮኛዋ ዴዌይ በሠርጋቸው ዋዜማ በጭነት መኪናው ሲፈረጥጥ፣ በበረዶ ድርቅ ብሎ ድንጋይ የሆነ የአሳማ ጭን ወረወረችበት። እሱን ሳተችው፤ እኔን አገኘችኝ። ስነቃ ጭንቅላቴ ጉልበቷ ላይ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችኝ። እኔም ደሜን ረስቼ አየኋት።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ቤታቸው ምሳ ላይ፣ በዴዌይ ወንበር እኔ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሲሆነኝ፣ ላገባት እንደምፈልግ ለአባቷ ነገርኳቸው።

ሚስተር ስቲድሃም ሥጋ ሲቆርጡም ሕግ የሚጠቅሱ ሰው ናቸው። «ስማ ክሌል» አሉኝ መጥረቢያውን ሳያስቀምጡ። «በሕገ መንግሥታችን ፕሬዚዳንት ሲሞት ምክትሉ ይተካዋል። በሟቹ ወንበር ከሁለት ዓመት በላይ ከተቀመጠ ግን፣ ከዚያ በኋላ የሚመረጠው አንዴ ብቻ ነው። አንተ የዴዌይ ምክትል ነህ። አንዴ ትጠይቃታለህ። እምቢ ካለችህ ዳግም ብትጠይቅ፣ ከቋሊማው ጋር ነው የምፈጭህ።»

እኔ ደግሞ አርፌ አልቀመጥም። ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ሥጋ ቤቱ ተሰብስበው «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» እያሉ ታሪክ ይገለብጣሉ። የዚያን ቀን ጥያቄ፦ ሁለት የሥልጣን ዘመን የጨረሰ ፕሬዚዳንት ምክትል ሆኖ ቢመለስና አለቃው ቢሞትበትስ?

«ያቺን ወንበር አያገኛትም» አሉ ሚስተር ስቲድሃም።

«ያገኛታል» አልኩ ነገር ፍለጋ። «ሕጉ እንዳይመረጥ ነው ያለው፤ እንዳይተካ አላለም። በጓሮ በር ይገባል።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። ቡጢው ከየት እንደመጣ አላየሁም። ሚዛኑ በመስኮት ወጣ። ጡረተኛው ፖስተኛ በወንበር እግር የጎረቤቱን ጥርስ አረገፈ፤ አንዱ ጥርስ ኪሴ ውስጥ ተገኘ። መንጋጋዬ ተሰበረ፤ ከንፈሬ እንደ ጉበት አበጠ።

ኦዴሳ ደግፋ ወደ ጓሮ ደረጃ አወጣችኝ። ዓይኗን ሳይ ሌላ ቀን መጠበቅ አቃተኝ።

«ታገቢኛለሽ?» አልኩ። ከንፈሬ አልገጥም ብሎ «ትገፊኛለሽ?» ሆኖ ወጣ።

ደረጃውን አየች። «በጭራሽ» አለች ደሜን እየጠረገች።

አባቷ በሩ ላይ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ያልኩት ገብቷቸዋል። «ጋብቻ ጠየቀሽ፤ እምቢ አልሽው። አበቃ።»

ኦዴሳ ጥያቄዬ ምን እንደነበር ያኔ ነው የገባት።

ሁለት ሳምንት መንጋጋዬ በሽቦ ታስሮ ሾርባ በቱቦ ስመጥጥ ከረምኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ከሥጋ ቤቱ ማዶ ቆሜ ሳይ፣ ኦዴሳ ወጥታ በኮሌታዬ ጎትታ አስገባችኝ።

«አባዬ፣ ክሌል እንዳይጠይቅ ነው የከለከልከው። እንዳይጠየቅ አላልክም።» ወደ እኔ ዞረች። «ታገባኛለህ?»

አባቷ መጥረቢያውን አነሱ። እሷ የአሳማ ጭን አነሳች። የዚያን ቀን አልሳተችም።

«ለስንት ዘመን ነው?» አሉ ወለሉ ላይ ተዘርረው እያቃሰቱ።

«ገደብ የለውም» አለቻቸው።

አፌ ገና እንደታሰረ ነውና ራሴን ነቀነቅኩ።

«አሁን እገፋሃለሁ» አለችና በጓሮ በር ገፋችኝ። ደረጃው ሰባት ነው፤ ሰባቱንም በጎኔ ወረድኩ፤ እሷም ሠርጋችን ሊረፍድ ነው እያለች ተከተለችኝ።